ወሰኑ ቀርከሃው ነው

ስለ ቤቱ ከመናገሬ በፊት እኔ ማን እንደነበርሁ ይታወቅ። ሰው ነገሩን የሚያምነው ተናጋሪውን ሲያውቅ ነው።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በአንድ ጠጅ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። የጠጅ ቤቱን ጣሪያ በቀርከሃ ስሠራ እዚያው ከረምሁና ለመጠጣት የመጣውን ሁሉ አንድ አንድ ፊደል አስከፈልሁት። ከደብተራው «ሀ»ን፣ ከወታደሩ «መ»ን፣ ከጭነት መኪና ረዳቱ «ጨ»ን ወሰድሁ። ጣሪያው ሲያልቅ ጋዜጣውን ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። ቁጥርና ልክ ደግሞ ያወቅሁት ከመንገድ ሠራተኞች ነው። የሜትሮውን ጫፍ የሚይዝላቸው ሰው ፈልገው ቀጠሩኝ። እነሱ ያሉኝ ጫፉን ያዝ ነው፤ እኔ ግን መሐሉንም አነበብሁት።

በሠላሳ ዓመቴ በአካባቢያችን ሦስት ሙያ በአንድ ሰው ላይ የተገኘው በእኔ ላይ ብቻ ነበር። ቀርከሃ ሠሪ ነኝ፤ የውልና የማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፤ መሬት ለኪ ነኝ። በዚያ ላይ አገውኛውም አማርኛውም አፌ ላይ እኩል ነው። ከጥሊሊ እስከ ግምጃ ቤት ወንድማማች ርስት ሲካፈል «እሱን ጥሩት» ይባል ነበር። ሄጄ ጽፌ ስመለስ ሁለቱም ወገን ይመርቀኝ ነበር፤ ከሁለቱም ወገን መመረቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የዳኘ ሰው ያውቀዋል።

የከተማችንን ስም አልጽፍም። ከእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ጋር ዛሬም ሰላም እንባባላለን። በቆሰበርና በዳንግላ መካከል ካሉት የመንገድ ዳር ከተሞች አንዷ ናት ማለት ይበቃል። ያን ጊዜ ከተማ የምትባለው ሁለት ረድፍ ቤት፣ አንድ ገበያና አንድ መገንጠያ ነበረች። ከመገንጠያው ወደ ቆላ የሚወርድ የከብት መንገድ አለ። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ይህ የከብት መንገድ የመኪና መንገድ ሊሆን ነው፣ ከተማውም በፕላን ሊሠራ ነው የሚል ወሬ መጣ። ወሬው ከመጣበት ቀን ጀምሮ በማዕዘኑ ላይ ባለችው ቤት የሰው ዓይን አረፈ። ቤቷ የታላቅ እኅቴ ነበረች።

እኅቴ ባሏ ከሞተ በኋላ ለመኪና ነጂዎችና ለገበያተኞች ቅቅል ድንች በአዋዜ እያቀረበች፣ አረቄ እየቀዳች ሁለት ሴት ልጆች ታሳድግ ነበር። መሸጫ ክፍሏን ከዋናው መንገድ አጠገብ በቀርከሃ የሠራሁላት እኔ ነኝ። መኖሪያ ቤቷ ከኋላ ነው። በመሸጫውና በመኖሪያው መካከል፣ ከመኖሪያው በር ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ አንድ የቀርከሃ ጫካ ቆሟል። ነገሩ ሁሉ በዚህ ቀርከሃ ላይ ስለሚዞር አንባቢ ይህን ይያዝልኝ።

ቀርከሃው ድሮ እዚያ አልነበረም። የእኅቴ ባል ቦታውን ከአጎቱ ርስት ተከፍሎ ሲሰጠው፣ አጎትየው እንደ አገራችን ልማድ መኪና መንገዱ ዳር፣ ልክ ቦዩ አጠገብ፣ ቀርከሃ ተክሎ «ወሰንህ ይህ ነው» አለው። በእኛ አገር ድንጋይ ለወሰን አይታመንም፤ ክፉ ጎረቤት ያነሣዋል። ቀርከሃን ግን ነቅሎ ሌላ ቦታ የሚያቆም የለም። ቀርከሃ ራሱ መሄዱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ቡቃያው ከእናቱ ራቅ ብሎ ይወጣል፤ ውኃ ወዳለበት ያደላል። ቢሄድም ግድ አልነበረንም። የት እንደተተከለ ሽማግሌ ያስታውሳል፤ ሽማግሌ እያለ በወሰን የተጣላ የለም።

ያን ጊዜ ውሉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። «በምሥራቅ ወሰኑ ቀርከሃው ነው» ብዬ ጻፍሁ።

አሥራ አምስት ዓመት ያህል አለፈ። በመንገዱ በኩል ያለውን ቀርከሃ መንገደኛው ለምርኩዝ፣ ነጂው ለድጋፍ እየቆረጠ ጨረሰው፤ ቡቃያውን የገበያ ከብት ረገጠው። በውስጥ በኩል ግን እኅቴ የድንች እጣቢ ስትደፋበት ቀርከሃው እየወፈረ፣ እየወጣ፣ በየዓመቱ ወደ ቤቱ ሄደ። ከመንገዱ ሃያ አምስት እርምጃ ርቆ ሲቆም የተለቀቀው ቦታ ላይ መሸጫውን ሠራሁላት። ያን ቀን እንኳ ውሉ ትዝ አላለኝም።

አንድ የኅዳር ማለዳ፣ ጉሙ ገና ሳይነሣ፣ እኅቴ ቤቴ ድረስ መጣች።

«አንተ፣ ከመሸጫዬ አጠገብ ድንጋይ እየተራገፈ ነው። አንተ ነህ ያዘዝኸው?»

«እኔ ምን ላደርግበት እታለም?»

«እንግዲያ የማን ነው?»

ሄድን። ሦስት ሰዎች ከጭነት መኪና ላይ ጥርብ ድንጋይ ያወርዳሉ። የማን እንደሆነ ስጠይቅ አንደኛው ቀና ሳይል «አውርዱ ተባልን፣ አወረድን» አለኝ። መኪናው የነጋዴው ነበር። ይህ ነጋዴ ከሌላ አገር መጥቶ በሦስት ዓመት ውስጥ የከተማውን ጨው፣ ቆርቆሮና ጋቢ ሁሉ በእጁ ያስገባ ሰው ነው። ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ሰላምታው ረጅም ነው፤ የሰው ልጆች ስም አይረሳም። በጎ ሰው ይሉታል። እኔም እስከዚያ ማለዳ እንዲያ እል ነበር።

ቦታውን ገና ማንም አልለካውም። ፕላን የሚባለውም ገና አልመጣም። ድንጋዩ ግን መጣ።

ከሳምንት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ «የከተማውን ቦታ ሁሉ ለመዝገብ እየገለበጥሁ ነው» ብሎ እኅቴ ዘንድ መጣ። ማንበብ አታውቅምና ውሉን ከሣጥኗ አውጥታ ሰጠችው። ተቀምጦ ድንች በላ፣ ውሉን ገለበጠ፣ አመስግኖ ሄደ። ወደ ሌላ ሰው ቤት ግን አልገባም። ይህን የነገሩኝ ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ከነገሩኝ በኋላም እኔ ስመጣ በራቸውን መዝጋት ጀመሩ።

በዚያው ወር የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ቤት የሣር ክዳኑን ጥሎ ቆርቆሮ ለበሰ። ቆርቆሮ የሚያመጣው ነጋዴው ብቻ ነው። ሸጦለት ይሆናል፤ ሰጥቶት ይሆናል፤ አላየሁም። ያላየሁትን አየሁ አልልም።

ከዚያ ቀያሹ መጣ። ሰውየው ያደረው በነጋዴው ቤት ነው፤ «ሌላ የእንግዳ አልጋ የለም» ተባለ። በማግስቱ ጉሙ ሲገፈፍ ጫፋቸው ቀይ የተቀቡ ችካሎች ከቀርከሃው ሥር በረድፍ ተተክለው አገኘናቸው። ሲተከሉ ማንም አላየም። መሸጫው ከችካሉ ውጭ ቀርቷል። መኖሪያ ቤቱ በውስጥ ነው፤ ግን ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም መስቀል ተሠርቶበታል። እኅቴ መስቀሉን ስታይ አማተበች፤ የበረከት ምልክት መስሏት ነበር።

እኔ ግን ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄድሁ።

ሹሙ ወንበር አልሰጠኝም። «አንተ ቀርከሃ ጠራቢ፣ ምን እግር ጣለህ?» አለኝ።

«የእኅቴ ቦታ እስከ መንገዱ ነው፣ ጌታዬ። ችካሉ ተሳስቷል።»

ወረቀት አውጥቶ አነበበልኝ። «‹በምሥራቅ ወሰኑ ቀርከሃው ነው።› ቀርከሃው የት አለ? ዓይን የለህም? ከቀርከሃው እስከ መንገዱ ያለው ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለው የመንግሥት ነው። በውስጥ የሚቀራት ደግሞ ጠባብ ነው፣ በፕላኑ መሠረት ለአንድ ቤት አይበቃም። ስለዚህ ቤቱ ይነሣል። ከወንዙ ማዶ ምትክ ይሰጣታል።»

«ከወንዙ ማዶ ጅብ እንጂ ነጂ አያልፍም።»

ሳቀ። «ታዲያ ለጅብ ድንች ትሽጥ። ይልቅስ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። «ይህን ውል የጻፈው ሰው ማን ነው? እጁ ያምራል።»

ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ስሜ ከሥሩ አለ።

ያን ቀን ከማዘጋጃ ቤት እስከ እኅቴ ቤት ያለው መንገድ ረዘመብኝ። ነገሩን ሁሉ ነገርኋት። ድንች ስትልጥ ነበር፤ ቢላዋዋን አላቆመችም።

«አንተ ሊቁ» አለችኝ፣ «ሜትር አውቃለሁ እያልህ አገሩን ስታሰለች ትውል የለ? ያኔ ሜትርህ የት ሄዶ ነበር?»

«ያኔ ሜትር አላውቅም ነበር፣ እታለም።»

ይህ ውሸት ነው። አውቅ ነበር፤ የመንገድ ሠራተኞቹ ከሄዱ ሁለት ዓመት አልፏል። ነገር ግን «ወሰኑ ቀርከሃው ነው» የሚለው ሲነበብ ያምራል። ሽማግሌዎቹ ሲሰሙት ራሳቸውን ነቅንቀው ነበር። ደስ አለኝና በዚያው ተውሁት። በሕይወቴ ከጻፍሁት ሁሉ ያ አንድ መስመር ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

ለዳንግላ፣ ለአውራጃው፣ ማመልከቻ ጻፍሁ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሁለቱን ቀደድሁ። ሦስተኛው ማመልከቻ እንደዚያ ዓይነት በአገው ምድር የተጻፈ አይመስለኝም። ቀርከሃ እንዴት እንደሚሄድ፣ ለምን እንደሚሄድ፣ አሮጌ ሥሩ በአፈር ውስጥ እንደሚቀር አስረድቼ፣ ቦታው ተቆፍሮ ይታይልኝ ብዬ ጠየቅሁ። በጭነት መኪና ላይ ወጥቼ ራሴ አደረስሁት። የዳንግላው ሹም ዕድሜው የገፋ፣ መነጽሩን በክር ያሰረ ሰው ነበር። አነበበና ቀና ብሎ አየኝ።

«ይህን የጻፈልህ ማን ነው?»

«ራሴ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«የት ተማርህ?»

«ጠጅ ቤት።»

መሳቅ ፈልጎ ተወው። «በአሥር ቀን ውስጥ ራሴ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ማንም ምንም አይንካ» ብሎ ለከተማችን ማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው በዳንግላው ጸሐፊ በኩል እንዲላክ ስለታዘዘ እኔ ባዶ እጄን ተመለስሁ። ያ ጥፋት ነበር። ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት ወሬው ደርሷል።

በማግስቱ ከመኪና ስወርድ በእኅቴ ቦታ ላይ ሰው ተሰብስቧል። አራት የቀን ሠራተኞች ዶማና መጥረቢያ ይዘው ቀርከሃውን ሊመነግሉ መጥተዋል። ከመንገዱ ጀምረው አፈሩን ሁሉ ገልብጠው ደልድሉት ተብለዋል። እኅቴ ግን ከቀርከሃው ፊት፣ በችካሎቹ መካከል፣ ነጠላዋን አደግድጋ ቆማለች።

«በንጉሥ አምላክ!» ትላለች። «በንጉሥ አምላክ ብያለሁ! አንድ ዶማ ቢያርፍ በንጉሥ አምላክ!»

የዛሬ ልጆች ይህ ምን እንደነበር አያውቁም። ያን ጊዜ ሰው በንጉሥ አምላክ ካለ በኋላ እጁን የሚያነሣ፣ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ የሚቀጥል የለም። ሠራተኞቹ ዶማቸውን እንደያዙ ቀርተዋል። አንዱ ጎልማሳ «እመቤቴ፣ እኛ ምን እናድርግ፣ ታዘን ነው» ሲላት «እኔም ከዚህ እንዳልነቃነቅ ታዝዣለሁ» አለችው። «በማን?» ቢላት «በልጆቼ» አለችው።

ነጋዴው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያያል። ጃንጥላ ይዟል፤ ዝናብ የለም። ሲያየኝ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝ። ልጆቹ እንዴት ናቸው አለኝ፤ ሁለቱንም የእኅቴን ልጆች በስማቸው ጠራቸው። የዚያን ቀን ነው የፈራሁት።

አሁን ምስክር ያስፈልገኝ ነበር። ውሉ ሲጻፍ ከነበሩት ሦስት ሽማግሌዎች ሁለቱ ሞተዋል። ሦስተኛው፣ ቀርከሃውን ሲተክል አጎትየውን የረዳው፣ ከጥሊሊ በላይ ባለ ቀበሌ ይኖራል፤ ከአገውኛ በቀር ሌላ አይናገርም። ፈረስ ተውሼ ሄድሁ። አጥር ውስጥ ተቀምጠው ገብስ ሲያስበራዩ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ነገሩን ነገርኋቸው።

«ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ። ነገር አላስታውስም» አሉኝ።

«አባቴ፣ እርስዎ የዛሬ ሃምሳ ዓመት የሞተ ፈረስ ቀለም የሚያስታውሱ ሰው ነዎት።»

«ፈረስ ሌላ ነው።»

ያን ጊዜ ትከሻቸው ላይ ያለውን አየሁ። ጋቢ ነው፤ አዲስ፣ ጥለቱ ደማቅ ቀይ። እንዲህ ያለ ጋቢ የሚሸጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። ዓይኔ የት እንዳረፈ አይተው ጋቢውን ወደ ውስጥ ሰበሰቡት።

«ሰዎች መጥተው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ብርድ ነው፣ አባባ፣ ልበሱ አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም።»

«ሌላ ምንም?»

«የልጄን ቤት ጠየቁኝ። የት እንደሆነ።»

አላስገደድኋቸውም። «ባይናገሩም ይምጡና ይቀመጡ፤ ሽማግሌ ያለበት ወሰን ይሻላል» ብዬ ብቻ ተመለስሁ።

የዳንግላው ሹም በቃሉ መጣ። ሰው እንደ ገበያ ቀን ተሰበሰበ፤ ግን የገበያ ድምፅ አልነበረውም። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም፣ ቀያሹና ጸሐፊው በአንድ ወገን ቆሙ። ነጋዴው ወንበር አስመጥቶ ከድንጋዩ ክምር አጠገብ ተቀመጠ። ሽማግሌውም በፈረስ መጡ፤ ወርደው ማንንም ሳያዩ ተቀመጡ። አዲሱን ጋቢ ለብሰዋል።

ውሉ ተነበበ። ሽማግሌው ተጠየቁ፤ አስተርጓሚው እኔ ነበርሁ። በአገውኛ «አላስታውስም» አሉ። እኔም በአማርኛ «አላስታውስም ይላሉ» አልሁ። ሌላ ቃል መጨመር እችል ነበር፤ እዚያ ከነበሩት ሹሞች አገውኛ የሚሰማ የለም። አልጨመርሁም። ይህን ሰው ይወቅልኝ።

«እንግዲህ ቆፍር» አለኝ የዳንግላው ሹም።

ከቦዩ ሁለት እርምጃ ለካሁና ዶማዬን ጣልሁ። ጉልበት ድረስ ወረድሁ። አፈርና ጠጠር ብቻ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም «አፈር አገኘህ፤ እንኳን ደስ ያለህ!» አለ፤ ከኋላው ያሉት ሳቁ። እኅቴ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም፣ እጄን ብቻ ታያለች። ላቤ በዚያ ብርድ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ቆም ብዬ አሰብሁ። መንገድ ሠራተኞቹ ቀርከሃው ከተተከለ በኋላ ተመልሰው መጥተው ቦዩን አቅንተውታል፤ ያኔም ሜትሮውን የያዝሁላቸው እኔ ነበርሁ። እንግዲያ አሮጌው ቦይ ከዚህ ወደ ደቡብ ዘንበል ያለ ነው። ሦስት እርምጃ ዞር ብዬ እንደገና ቆፈርሁ። ዶማው አንድ ለስላሳ ነገር ነካ። በእጄ ጠረግሁት። ጥቁር ጉቶ ነው፤ አንጓው ይታያል፤ ሲነኩት እንደ ከሰል ይፈረፈራል። ከጉቶው ጎን ሥሩ እንደ ገመድ ወጥቶ ወደ ቤቱ ያመራል። ያንን ገመድ ተከተልሁ። ከአንድ ክንድ በኋላ ሌላ ጉቶ፣ ትንሽ ጠንከር ያለ። ቀጥሎ ሌላ፣ ቡናማ። ቀጥሎ ሌላ፣ ገና ቢጫ። ሰው ሁሉ አብሮኝ ይሄዳል። በቀይ ችካሎቹ መካከል አልፌ ሕያው ከሆነው ቀርከሃ ሥር ስደርስ ቀና አልሁ። ከኋላዬ ከመንገዱ እስከ ቀርከሃው ድረስ አንድ ቦይ ተከፍቷል፤ ቀርከሃው በአሥራ አምስት ዓመት የሄደበት መንገድ ነው።

የዳንግላው ሹም መነጽሩን አድርጎ የመጀመሪያውን ጉቶ ሊያይ ጎንበስ ሲል ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተነሡ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሄደው ቆሙ። ከዚያ አዲሱን ጋቢ ከትከሻቸው አወለቁ፣ በሥርዓት አጠፉ፣ በነጋዴው የድንጋይ ክምር ላይ አኖሩት። በእጀ ጠባብ ብቻ ቀሩ፤ ብርዱ ያንቀጠቅጣቸዋል። በአገውኛ ተናገሩ፤ እኔም ተረጎምሁ።

«ይህን ስንተክል ጉድጓዱን የማስሁት እኔ ነኝ። ሥሩን የያዘው የባሏ አጎት ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። ጋቢው ለባለቤቱ ይመለስ፤ የልጄንም ቤት ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ መጠየቅ አያስፈልግም።»

የመጨረሻውን ስተረጉም ነጋዴውን እያየሁ ነበር። ፊቱ አልተለወጠም።

የዳንግላው ሹም እዚያው ቆሞ ወሰኑ የመጀመሪያው ጉቶ እንዲሆን አስጻፈ። «ጉቶ አይጻፍ፣ ጌታዬ፣ በሜትር ይጻፍ» አልሁት። ከመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ እስከ ጉቶው ለካሁ፤ ጸሐፊው እያመረረ ጻፈው። ሰው እልል አለ። ነጋዴው መጥቶ እጄን ያዘና «እንኳን ደስ ያለህ፣ ወንድሜ። የእኅትህ ነገር የእኔም ነገር ነው» አለኝ። እጁ ሞቃት ነበር። ድንጋዩን ግን አላስነሣም።

ለምን እንደማያስነሣ የገባኝ በጥር ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ መጣ፤ ለመገንጠያው መንገድ መስፊያ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ አሥር ሜትር ይወሰዳል ይላል። በሜትር ነው የተጻፈው፤ ያን ከእኔ ተምረዋል። ከመንገዱ ማዶ ካሉት ቤቶች አንዲት ስንዝር አልተነካችም። መሸጫው ሙሉ በሙሉ በአሥሩ ሜትር ውስጥ ወደቀ። ለዳንግላ ሁለተኛ ማመልከቻ ጻፍሁ፤ ያ መነጽረኛ ሹም ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል ተባልሁ። ማን እንዳዛወረው አላውቅም። በአጋጣሚም ይሆናል።

«አሁንስ ቤቱ ይቀራል ወይስ ይሄዳል?» አለችኝ እኅቴ።

ለካሁ፤ ሁለት ጊዜ ለካሁ። ወሰኑ በጉቶው ስለተጻፈ አሥሩ ሜትር ቢሄድም በውስጥ የሚተርፈው በፕላኑ ለቤት ይበቃል። «ቤቱ ይቀራል» አልኋት።

«እንግዲያ መሸጫውን እኔ ራሴ ላፍርሰው። እነሱ አይንኩብኝ።»

አላፈረስንም፤ ፈታነው። የእኔን ቋጠሮ ከእኔ በቀር የሚፈታው የለም። የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች በቀጠሮው ቀን ሲመጡ ያገኙት የምሰሶ ጉድጓድ ብቻ ነው።

መንገዱ በዚያ በኩል አልሰፋም። አንድ ዓመት ቦታው ባዶ ቆየ። በሁለተኛው ዓመት ያ ድንጋይ ግድግዳ ሆነ፤ የነጋዴው መጋዘን ማዕዘኑ ላይ ቆመ። ቦታውን ለነጋዴው የሰጠውን ምሪት ማን እንደፈረመ በመዝገብ ፈለግሁ፤ ያ ገጽ የለም። ጸሐፊውን ብጠይቀው «አይጥ ነው» አለኝ። ከፊቱና ከኋላው ያሉት ገጾች ደህና ነበሩ። ማን ከማን ጋር፣ የት ተቀምጦ፣ መቼ እንደተስማማ እስከ ዛሬ በእርግጥ አላውቅም። ስለዚህ ጉዳይ ከጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ መልስ ሲሰጠኝ ዓይን ዓይኔን ያየኝ የለም።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልቁጠር፤ ሌላ የሚቆጥርልኝ የለም።

በአንድ ማመልከቻ ከዳንግላ ሹም አስመጥቻለሁ፤ ከእኔ በፊት ይህን ያደረገ የከተማችን ሰው የለም።

በአፈር ውስጥ የተቀበረ ወሰን አውጥቼ ለመንግሥት አሳይቻለሁ።

ሁሉም በሚጠብቅበት ሰዓት የሽማግሌውን ቃል አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ተርጉሜያለሁ።

መሸጫ ክፍሉን አንድ ማገር ሳይሰበር ፈትቼ፣ ከመኖሪያው ጎን መልሼ አቁሜ፣ በሩን ወደ መገንጠያው መንገድ አዙሬያለሁ። ወደ ቆላ የሚወርደው ነጂ ሁሉ እዚያ ድንች በልቷል።

ከዚያ በኋላ በጻፍሁት ውል ሁሉ ዛፍም፣ ጅረትም፣ ቀርከሃም ወሰን ሆኖ አያውቅም። የድሮዎቹንም ውሎች በየባለቤቱ ቤት እየዞርሁ፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ በሜትር አርሜያለሁ። ሁለቱን አላገኘኋቸውም።

ለሁለቱ የእኅቴ ልጆች ፊደል አስቆጥሬያለሁ፤ ውላቸውን ራሳቸው ያነባሉ።

እኅቴም በዚያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ኖራ በገዛ አልጋዋ ላይ ሞታለች።